በቤትም በአደባባይም፦ ሐዲስ ዓለማየሁን ስናስታውስ

ውድ ወጣቶች፣ የሐዲስ ዓለማየሁን ስም ሳትሰሙ አላደጋችሁም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገና ያላነበበ እንኳ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ እነማን እንደሆኑ ያውቃል። እናቶቻችሁና አባቶቻችሁ ደግሞ መጽሐፉን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ሥራቸውን አቁመው ያዳመጡበት ጊዜ ትዝ ይላቸዋል። ደራሲውን እንዲህ የምናውቃቸው ብዙዎች ነን። ዘመናቸውን በመንግሥት ሥራ ያሳለፉትን የሕዝብ አገልጋይ፣ ከዚያም አልፎ በቤታቸው የነበሩትን ሰው የምናውቅ ግን ጥቂቶች ነን።

በዚህ እትም እኒህን ሰው እናስታውስ ያልነው አንድ ጥያቄ ስላለን ነው። በወጣት ኅብረቶቻችን ውስጥ ትምህርቱን የሚጨርስና ሥራ የሚይዝ፣ ትዳር የሚያስብ ብዙ ወጣት አለ። ይህ ወጣት ከሁለት ወገን ሁለት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «የመንግሥት ነገር ይቅርብህ፤ ቤትህን ብቻ ያዝ» ይለዋል። ሌላው «ትልቅ ሥራ መሥራት ከፈለግህ ቤት ይቆይ፤ ለአገር የሮጠ ቤቱን መርሳቱ አይቀርም» ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ቤትንና አደባባይን እንደ ሁለት ባላንጣ ያቆማሉ። የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወትና ሥራ ግን ሌላ ነገር ያሳየናል። ቤትና አደባባይ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት ልብ ነው፤ በአንዱ የጎደለ በሌላውም መጉደሉ አይቀርም።

ከእንዶዳም እስከ አዲስ አበባ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። አባታቸው አባ ዓለማየሁ ሰሎሞን ካህን ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ደስታ ዓለሙ ይባላሉ። ደብረ ማርቆስ ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረች የደጋ ከተማ ናት። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ነው ከተማዋ በታቦቱ ስም የተጠራችው። ከሰሜን ምሥራቅ የጮቄ ተራራ ይታያታል፤ በደቡብ በኩል የዓባይ በረሃ ከሸዋ ይለያታል።

በዚያ ዘመን የጎጃም ልጅ መማር ሲፈልግ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነበር። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ለይቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ከዚያ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቦ ከደብር ደብር ይዞራል። ምግቡን በየደጁ ለምኖ፣ ከውሻ እየታገለ ይማራል። ሐዲስም በዚህ መንገድ አልፈዋል። ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ ደብረ ኤልያስ፣ በስተምሥራቅ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ እየሄዱ ቅኔ ተምረዋል። የቅኔ ተማሪ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ አይችልም፤ በየቀኑ አዲስ መቀኘት አለበት። በሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግም ይለምዳል። ሰውየው በኋላ በሥልጣን ደጃፍ የሚባለውን ብቻ ሳይሆን ከሚባለው ሥር ያለውን የሚሰማ ጆሮ ያገኙት፣ ቢያንስ በከፊል፣ ከዚህ ትምህርት ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ከዚያ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡ። ያን ጊዜ በጎጃምና በአዲስ አበባ መካከል የመኪና መንገድ አልነበረም፤ በረሃውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን መውጣት የብዙ ቀን ጉዞ ነው። በአዲስ አበባ በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የስዊድን ሚስዮን ስም ለእኛ አንባቢዎች እንግዳ አይደለም፤ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሲነገር አብሮ ይነሣል። ሐዲስ ግን ያደጉት በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጉያ ነው፤ የእኛ ናቸው ብለን ልንወስዳቸው አንሞክርም። ልብ ልንለው የሚገባን ሌላ ነገር ነው። የቅኔው ጉባኤና የሚስዮኑ ትምህርት ቤት ሁለቱም አንድን የጎጃም ልጅ ለአገር አገልግሎት አዘጋጁ። ትምህርት ቤት የከፈተ ሰው ዘሩ የት ሄዶ እንደሚበቅል አያውቅም።

ትምህርታቸውን ተምረው ወደ ጎጃም ተመለሱና ሥራ ያዙ፤ አስተማሪም ሆኑ። በወጣትነታቸው «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» የሚል ቲያትር ጻፉ። ርእሱን ልብ በሉት። ወጣቱ አስተማሪ ስለ አገሩ ኋላ መቅረት ለመናገር ሲፈልግ የመረጠው ምሳሌ ጋብቻ ነው። የአገርን ነገር በቤት ቋንቋ መናገር የጀመሩት ያን ጊዜ ነው፤ እስከ መጨረሻም አልተዉትም።

ጦርነትና እስር

በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን ስትወር የጎጃም ገዥ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ራስ እምሩ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ግንባር ዘመቱ፤ ወጣቱ ሐዲስም አብረው ሄዱ። የሽሬ ጦር በደንበጉና ድል አግኝቶ ነበር፤ በኋላ ግን የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ ስለበረታበት አፈገፈገ። ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ከወጡም በኋላ ራስ እምሩ በምዕራብ ኢትዮጵያ መዋጋታቸውን ቀጠሉ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከብበው እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም ተማርከው ወደ ኢጣልያ ተጋዙ።

የታሰሩት በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ነው። ሊፓሪ ከሲሲሊ አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። የተባበሩት ኃይሎች ጦር እስኪያስፈታቸው ድረስ ሰባት ዓመት ያህል በግዞት ቆዩ። ታሪክ አንዳንድ ጊዜ የራሱ ፍርድ አለው፤ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ ለጥቂት ቀናት ተይዞ የቆየው በዚያችው በፖንዛ ነው።

እስቲ ይህን በራሳችሁ ዕድሜ መዝኑት። ከሃያ ሰባት እስከ ሠላሳ አራት ያለውን ዕድሜ አስቡ። ሰው ቤት የሚሠራበት፣ ትዳር የሚይዝበት፣ ልጅ የሚያሳድግበት ዕድሜ ነው። ሐዲስ ይህን ዕድሜ በባዕድ ደሴት አሳለፉት። ቢመረሩ ማን ይፈርድባቸዋል? ከእስር የወጣ ሰው «ድርሻዬን ከፍያለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው» ቢል ያምርበታል። እሳቸው ግን ወደ ሥራ ገቡ። የጦርነቱንና የግዞቱን ነገርም ከብዙ ዓመት በኋላ «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው አስፍረውልናል።

በመንግሥት ሥራ

ከነጻነት በኋላ ያለው የሥራ ዝርዝራቸው ረጅም ነው። በኢየሩሳሌም ቆንስል ሆኑ። በዋሽንግተን በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠሩ። በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የኢትዮጵያ ቋሚ መልእክተኛ ሆኑ። የትምህርት ሚኒስትር፣ በእንግሊዝ አምባሳደር፣ ቀጥሎም የፕላንና ልማት ሚኒስትር ነበሩ። በመጨረሻም በሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባልነት አገለገሉ።

ሹመቱን ብቻ ብናነብ ተራ የባለሥልጣን ታሪክ ይመስለናል። ግን በእነዚህ ዓመታት ምን ይጽፉ እንደነበር ጎን ለጎን እናስቀምጠው። በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» ወጣ። ከውጭ ጉዳይ ወረቀት መካከል ጊዜ ፈልገው፣ አያቶች ማታ እሳት ዳር ለልጅ የሚያወሩትን ተረት ለመጽሐፍ አበቁት። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነው «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ። በ1966 ዓ.ም. አገሪቱ በአብዮት ስትናወጥ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚል መጽሐፍ አቀረቡ።

አንዱ ስለ ፍቅር፣ ሌላው ስለ አስተዳደር ነው። ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይመስላሉ። ልብ ወለዱን በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግን ጥያቄው አንድ መሆኑን ያያል።

የፊታውራሪ መሸሻ ቤት

እስቲ ታሪኩን አብረን እናስታውስ። ፊታውራሪ መሸሻ በትውልዳቸው የሚኮሩ ባላባት ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሰብለ ወንጌል። ሊያገቧት የሚጠይቁትን ሁሉ «ትውልዱ አይመጥንም» እያሉ ይመልሳሉ፤ ልጅቱም ያለ ትዳር ዕድሜዋ ይገፋል። እኒሁ ሰው በአደባባይም እንዲሁ ናቸው። ገበሬው ከልማድ ውጭ አዲስ ግብር እንዲያመጣ ያዝዛሉ፤ አልገብርም ሲላቸው ጦር ይዘው ይነሡበታል። በአበጀ በለው የሚመራው ገበሬ ግን ይማርካቸዋል።

ደራሲው ሁለቱን ነገር በአንድ ሰው ላይ ያደረጉት በአጋጣሚ አይደለም። ልጁን የማይሰማ አባት ገበሬውንም አይሰማም። በቤቱ «እኔ ያልሁት ብቻ» የሚል ሰው በአደባባይ ሹመት ቢያገኝ የሚናገረው ያንኑ ነው፤ የሚለወጠው የሚጎዱት ሰዎች ቁጥር ነው።

በድሃው ቤትም ሌላ ትምህርት አለ። የበዛብህ እናት ልጆቿ እየሞቱ ስላስቸገሯት ይህ ከተረፈልኝ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ አደርገዋለሁ ብላ ተሳለች። ስለቱ ከፍቅርና ከጭንቅ የመጣ ነው፤ ማንም እናት ይገባታል። ሸክሙ ግን ገና ባልጠየቁት ልጅ ትከሻ ላይ ወደቀ። ወላጅ ልጁን ከመውደዱ የተነሣም ሊጎዳው እንደሚችል ሐዲስ ያውቃሉ። በእነዚህ ሁለት ቤቶች መካከል የቆመው ጉዱ ካሣ እውነቱን ሲናገር ሰው ሁሉ እብድ ይለዋል።

ውድ ወጣቶች፣ ይህ የድሮ ዘመን ታሪክ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ዛሬም በአማኝ ቤት አንዲት እህት የምትወደውን ሰው ለቤተሰቧ ስታስተዋውቅ፣ ስለ ሃይማኖቱና ስለ ጠባዩ ሳይጠየቅ «ዘሩ ምንድን ነው?» የሚባልበት ቤት አለ። በእሑድ ሁላችንም አንድ አካል ነን ብለን ዘምረን፣ ሰኞ የፊታውራሪ መሸሻን ሚዛን የምናወጣ ከሆነ መጽሐፉ ገና ስለ እኛ ነው የሚያወራው።

ያልተቀበሉት ወንበር

ስለ ሥልጣን የጻፈ ሰው ቃሉ የሚፈተነው ሥልጣን ሲቀርብለት ነው። ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ መንግሥቱን ሲይዝ ለሐዲስ ዓለማየሁ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ሹመት አቀረበላቸው። አልተቀበሉም።

ይህን ቀላል ነገር አድርገን አንየው። ያን ጊዜ በድሮው መንግሥት የሠሩ ባለሥልጣናት አንድ በአንድ ይታሰሩ ነበር፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ከሃምሳ በላይ የሚሆኑት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በእንዲህ ያለ ሰዓት አዲሱን ገዥ እምቢ ማለት ክብርን ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም ማስያዝ ነው። ሰባት ዓመት በግዞት የኖረ ሰው ደግሞ እስር ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ አይደለም የሚያውቀው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እምቢታቸውን «ከመንግሥት ሥራ መራቅ ቅድስና ነው» ለሚል ስብከት ማስረጃ ልናደርገው አንችልም። ሰውየው ዘመናቸውን በመንግሥት ሥራ ያሳለፉ ናቸው። ሥልጣንን ቢንቁ ኖሮ ሚኒስትር ባልሆኑም ነበር። ያሳዩን ነገር ከዚህ ጠለቅ ይላል፤ አገልግሎትና ወንበር አንድ አይደሉም። ለሕዝብ ጥቅም የሚውል ሲመስላቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ ሳይመስላቸው ሲቀር ተዉት። በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቃቸው ዮሴፍና ዳንኤልም በባዕድ ቤተ መንግሥት ሹመት ይዘው አገልግለዋል፤ ይሁንና ሁለቱም እምቢ ያሉበት ቀን አለ። ዳንኤልን ዳንኤል ያደረገው ሹመቱ ብቻ ሳይሆን እምቢታውም ነው።

ከዚያ በኋላ ሐዲስ ወደ ብዕራቸው ተመለሱ። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.፣ «የልምዣት» በ1980 ዓ.ም.፣ «ትዝታ» በ1985 ዓ.ም. ታተሙ። የመጀመሪያው ሲወጣ ዕድሜያቸው ሰባ ሁለት፣ የመጨረሻው ሲወጣ ሰማንያ ሦስት ነበር። ብዙ ሰው ጡረታ ወጥቶ ስለ ድሮ ክብሩ በሚያወራበት ዕድሜ እሳቸው ሥራ ላይ ነበሩ።

የራሳቸው ቤት

አሁን ወደ ቤታቸው እንግባ። የትዳር ጓደኛቸው ወይዘሮ ክበበ ፀሐይ በላይ ይባላሉ። ልጅ አልወለዱም።

ይህች አጭር ዐረፍተ ነገር በእኛ አገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ስሙ የታወቀ፣ ሹመት ያለው ሰው ልጅ ሳይወልድ ሲቀር ዘመድ ዝም አይልም። «ስምህን ማን ያስጠራልህ? ዘርህ እንዴት ይጥፋ?» ይባላል። ብዙ ትዳር የፈረሰው፣ ብዙ ሴት ያለ ጥፋቷ ከቤቷ የወጣችው በዚህ ቃል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁና ክበበ ፀሐይ ግን አብረው ኖሩ። ባለቤታቸው በሞት ቀደሟቸው፤ እሳቸውም ሌላ ሚስት ሳያገቡ ዕድሜያቸውን ጨረሱ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚለውን ርእስ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ የጻፉት ሰው በቤታቸውም ኖሩበት።

«የቤተሰብ ሰው» ስንል ብዙ ጊዜ በልጆች ብዛት እንለካለን። ስለዚህ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት በጉባኤያችን መካከል ያልተሟላ ቤት ያላቸው ሆነው ይታያሉ፤ ጸሎት ሲደረግ እንኳ ሌላ ነገር የማይጸለይላቸው ይመስላል። የሐዲስን ቤት ያየ ግን ቤተሰብ የሚጀምረው ከቃል ኪዳን እንደሆነ ይረዳል። ልጅ ስጦታ ነው፤ ቤቱን ቤት የሚያደርገው ግን ቃልን መጠበቅ ነው።

እነሆ የአደባባዩና የቤቱ ነገር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። በአደባባይ ወንበር ሲቀርብላቸው ከሕሊናቸው አልወጡም። በቤትም ሕዝብ «ይገባሃል» የሚለውን ሰበብ አልተጠቀሙበትም። የሁለቱም ሥር አንድ ነው፤ የገቡትን ቃል መጠበቅ።

ለእኛ የቀረልን

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1991 ዓ.ም. የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። በኅዳር 1996 ዓ.ም. በዘጠና አራት ዓመታቸው አረፉ። ዛሬ በትውልድ አገራቸው፣ በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ፣ በስማቸው የተሰየመ የባህል ጥናት ተቋም አለ። ልጅ ያልወለዱት ሰው ስማቸውን የሚያስጠራ አላጡም።

በየኅብረታችሁ በዚህ ጽሑፍ ላይ ስትወያዩ ሁለት ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃለን። አንደኛ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በጋራ አንብቡና በየምዕራፉ «በዚህ ቤት የማይሰማው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ጥያቄውን ወደ ራሳችሁ ቤት፣ ወደ ኅብረታችሁም መልሱት። ስብሰባ ላይ ሐሳቡ የማይጠየቅ ልጅ፣ ሥራ ብቻ የሚታዘዝ እህት ካለ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛ፣ በአካባቢያችሁ ያሉ የሕዝብ አገልጋዮችን አስቡ። ሐዲስ የታወቁት ስለጻፉ ነው፤ ያልጻፉ ብዙ አሉ። በገጠር ሠላሳ ዓመት ያስተማረ መምህር፣ ሌሊት ለምጥ የምትጠራ አዋላጅ ነርስ፣ ጉቦ አልቀበልም ብሎ ሳያድግ የቀረ የቀበሌ ጸሐፊ፣ በየቤተ ክርስቲያናችሁ አሉ። ሄዳችሁ ጠይቋቸው። የት ተወለዱ? ምን ሠሩ? እምቢ ያሉት ምን ነበር? ያን ጊዜ ቤታቸው እንዴት ሆነ? ባለቤታቸውም በዚያው ተቀምጠው ይመልሱ፤ ታሪኩ የሁለቱም ነውና። የሚነግሯችሁን ጻፉት። ታላላቆቻችን የሚያልፉት ሳንጠይቃቸው ነው፤ ካለፉ በኋላ ደግሞ ለቀብር የሕይወት ታሪክ የሚጽፍ ሰው በአንድ ሌሊት ይፈለጋል።

እናንተም ነገ ወደ ሥራ ትገባላችሁ፤ አንዳንዳችሁ ወደ ሹመትም። ያን ጊዜ ቤታችሁ የመጀመሪያው መሥሪያ ቤታችሁ ይሁን። በዚያ ማዳመጥ የለመደ በአደባባይም ያዳምጣል። በዚያ ቃሉን የጠበቀ ሰው፣ የማይገባው ወንበር ቢቀርብለት እምቢ ለማለት አዲስ ጉልበት መፈለግ አያስፈልገውም፤ ከቤቱ ይዞት ይወጣል።